ጠዋት 390፣ ረፋድ 62፦ የድመቴን ኢንሱሊን ልጨምር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አራት ኪሎ አካባቢ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቡላ የሚባል የ9 ዓመት ወንድ ድመት አላቸው፤ የተኮላሸ ነው፣ 5 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሽንቱ በዝቷል፣ እየበላ ይከሳል፣ ሲራመድም የኋላ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ላይ ያስተኛል። ክሊኒክ ስትወስደው ስኳሩ 412 ሆኖ ተገኘ፤ ኤንፒኤች ኢንሱሊን 2 ዩኒት ጠዋትና ማታ ታዘዘለት። እናቷም የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ በእሳቸው መለኪያ ቤት ውስጥ መለካት ጀመረች። ጠዋት ከመርፌ በፊት ሁልጊዜ ከ350 በላይ ነው፤ ትናንት 390 ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ብትለካው 62 አለ፤ ድመቱም ፈዞ ተኝቶ ነበር። ጾሙ ከገባ ወዲህ የሠፈሩ ሥጋ ቤት ስለተዘጋ የሚበላው ዳቦ በወተትና ሽሮ ፍትፍት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም ለቆዳው ማሳከክ በየጊዜው መርፌ ይወጋ እንደነበር ጽፋለች። "መለኪያው ተበላሽቶ ነው? ወይስ መድኃኒቱ አንሶት ነውና 3 ዩኒት ላድርገው?" ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ለዛሬ ማታ የሚሆነውን ልንገርሽ። 3 ዩኒት አትውጊው፤ 2ቱንም አትድገሚው። አሁኑኑ ለሐኪሙ ደውለሽ 62 እንዳየሽና ፈዞ እንደነበረ ንገሪው። እኔ የምመክረው በ1 ዩኒት ጠዋትና ማታ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ለቡላ ክብደት የተለመደው መነሻ መጠንም እሱ ነው። ሁልጊዜ ከመርፌ በፊት ለኪው፤ ቁጥሩ ከ200 በታች ከሆነ ሳትወጊ ደውዪ። ጥቂት ቀን ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢቆይ አይሞትም። አንድ ሌሊት በጣም ከወረደ ግን ሊሞት ይችላል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። 390ውም 62ቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ኤንፒኤች ድመት ላይ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወጋሽው መድኃኒት ረፋዱ ላይ ጉልበቱ ይበረታል፤ ብዙ ድመቶች ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ማታና ጠዋት ከመርፌ በፊት የምታዪው ትልቅ ቁጥር በአብዛኛው የሚነግርሽ መድኃኒቱ አልቆ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ነው። መጠኑ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ የሚነግርሽ መሀል ላይ የሚገኘው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው 390 ያያል፣ 3 ዩኒት ያደርጋል፤ አሁንም 380 ያያል፣ 4 ያደርጋል፤ ሥራ ቦታ ሳለ ድመቱ ቤት ውስጥ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። አንቺ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መለካትሽ ቡላን አትርፎታል ብዬ ነው የማምነው።

በነገራችን ላይ ለድመት ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራው ግላርጂን የተባለው ኢንሱሊን ነው፤ ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ለሰውም የሚታዘዝ። ሐኪሙን ስለዚህ ጠይቂው፤ አቅም ከፈቀደና ፋርማሲ ውስጥ ከተገኘ ለውጡ የሚያስቆጭ አይደለም። ግላርጂን አይበረዝም፣ ከሌላ ኢንሱሊንም ጋር አይቀላቀልም። እስከዚያው ግን ኤንፒኤችም በልክ ከተሰጠና ከተለካ ብዙ ድመት ያኖራል።

ስለ መለኪያው። የእናትሽ መሣሪያ አልተበላሸም ይሆናል፤ ነገር ግን የተሠራው ለሰው ደም ነው። በሰው ደም ውስጥ ካለው ስኳር 42 በመቶ ያህሉ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው፤ በድመት ግን 93 በመቶ ያህሉ በፈሳሹ፣ በፕላዝማው ውስጥ ነው ያለው። መሣሪያው የሰውን ስሌት ይዞ ስለሚያነብ የድመትን ስኳር ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ያ 62 በትክክለኛው መለኪያ ከፍ ሊል ይችል ነበር። በዚህ ግን አትጽናኚ፤ ድመቱ ፈዞ ስለነበር ቁጥሩንም ሁኔታውንም አንድ ላይ ነው የምናየው። ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ መለኪያም አለ፤ ከውጭ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ ጥሩ ነው፣ ስትሪፑ (ደሙን የሚስበው፣ መሣሪያው ላይ የሚሰካው ቀጭን ቁራጭ) ግን ሲያልቅ ምን እንደምታደርጊ አስቢበት። ስትሪፑ በየጊዜው የሚገኝ የሰው መለኪያ፣ ስትሪፕ ካጣ ውድ መሣሪያ ይሻላል። ዋናው ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ መለካት ነው። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው የተለካ ቁጥር አይነጻጸርም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንዳንድ ስትሪፖች የሚሠሩበት ኢንዛይም የአየር ኦክስጅን ስለሚነካው ከፍታ ቦታ ላይ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ትናገራለች፤ አንብቢያት። የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳኑ በደንብ ይዘጋ፣ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። የእናትሽን መውጊያ ለቡላ አትጠቀሚ፤ የእሱን ለብቻ ያዢለት።

ደሙን ከጆሮው ነው የምትወስጂው። ጆሮውን ወደ ብርሃን ስታደርጊው ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ደም ሥር ይታይሻል፤ የምትወጊው በደም ሥሩና በጠርዙ መሀል ያለውን ቦታ ነው። ቀዝቃዛ ጆሮ ደም አይሰጥም፤ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጥጥ በትንሽ ፌስታል ጠቅልለሽ አንድ ደቂቃ ያህል ያዢበት። እርጥበት እንዳይነካው፤ እርጥብ ጆሮ ላይ ደሙ ይፈርሳል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። ከጆሮው ጀርባ የታጠፈ ጥጥ አድርጊ፣ ጣትሽን እንዳትወጊ። ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ተለቅ የምትል ጠብታ ትበቃለች። ስትሪፑን ወደ ጠብታዋ አስጠጊው፣ ራሱ ይስባል። ከዚያ ጥጡን ይዘሽ ትንሽ ጫን በይ፤ ይህን የዘለለ ሰው ጆሮው ጠቁሮ ያገኘዋል። ወዲያው አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ስጪው። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ መሣሪያው ድምፅ ሲያሰማ ራሳቸው የሚመጡ ድመቶች አይቻለሁ። ጆሮው እምቢ ካለሽ የፊት እግሩ መዳፍ ላይ ያለው ለስላሳው ሥጋም ይሆናል፤ ግን አሸዋው ውስጥ ስለሚቆፍርበት ንጽሕናው ያስቸግራል።

ክሊኒክ የተለካው 412 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድመት ስትፈራ የሚፈሰው ሆርሞን ስኳሯን ያዘልላል። ከአራት ኪሎ ካርቶን ውስጥ ተዘግታ፣ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ እየተጣራ፣ ክሊኒክ በር ላይ ውሻ እየጮኸባት የደረሰች ጤነኛ ድመት ከ300 በላይ ልታሳይ ትችላለች። በአንዲት የክሊኒክ ቁጥር ብቻ ኢንሱሊን አይጀመርም። ቡላ ግን መጠጣቱ፣ መክሳቱና የእግሩ ሁኔታ አንድ ላይ ስለሚናገሩ፣ ቤት ውስጥም በእርጋታ ተለክቶ ከ350 በላይ ስለሆነ ስኳር እንዳለበት አልጠራጠርም። አንባቢዎች ግን ድመታችሁ ምልክት ሳይኖራት ቁጥር ብቻ ካያችሁ ፍሩክቶሳሚን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ያለፉትን አንድና ሁለት ሳምንታት አማካይ ያሳያል፣ የአንድ ቀን ድንጋጤም አያዛባውም። እሱ ካልተገኘ ቤት ውስጥ ሽንት በሽንት ስትሪፕ ማየት ይቻላል። የድመት ኩላሊት ስኳር ወደ ሽንት የሚለቀው ደሙ ውስጥ ከ250 እስከ 290 ገደማ ሲያልፍ ነው፤ በየቀኑ ሽንቷ ውስጥ ስኳር የሚገኝባት ድመት እንግዲህ ታማለች። አሸዋውን አንሥታችሁ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር ብታደርጉ ሽንቱ ከሥር ይቀራል። የኢንሱሊን መጠን ግን በሽንት ስትሪፕ አይወሰንም።

የማሳከኩን መርፌ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ነው የጻፍሽው። ለእኔ ግን ከቁጥሮቹ እኩል ነው። ለቆዳ ማሳከክ በየጊዜው የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው፤ ዴክሳሜታዞን ወይም ለሳምንታት የሚቆየው ሜቲልፕሬድኒሶሎን። ስቴሮይድ ኢንሱሊን እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የወፈረና በዕድሜ የገፋ ድመት ላይ ስኳርን ቀስቅሶ ሊያወጣ ይችላል። የተወጋውን መድኃኒት ስም ከክሊኒኩ መዝገብ ላይ አስጽፊ። ስቴሮይድ ከሆነ ከእንግዲህ ለማሳከኩ ሌላ መንገድ ይፈለግለት፤ ቁንጫው መጥፋቱ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜናም ነው፤ ስኳሩ በስቴሮይድ የመጣ ድመት መድኃኒቱ ሲቀር ከኢንሱሊን የመላቀቅ ዕድሉ ከሌሎቹ ይሻላል።

አሁን ወደ ምግቡ። የድመት አካል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሥጋና ከስብ ነው፤ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ሩዝና ወተት ቀጥታ ስኳሩ ላይ ይወጣሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሠፈሩ ሥጋ ቤት በጾሙ ይዘጋል፣ በሌላውም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አይሠራም። ከቤቱ የሚበላ ድመት ሳያውቀው ከባለቤቱ ጋር ይጾማል ማለት ነው። ለጤነኛ ድመት ይህ ያከሳዋል። ኢንሱሊን ለሚወስድ ድመት ግን አደጋ አለው፤ በጾሙ በዳቦ የሚያስፈልገው መጠን በፋሲካ ማግስት ሥጋ ብቻ ሲበላ ይበዛበታል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምጠይቅሽ የቡላ ምግብ በጾምም በፍስክም አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቀይ ሥጋ፣ ልብና ትንሽ ጉበት ገዝተሽ ለየቀኑ በሚሆን መጠን በፌስታል ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ልብ ድመት ያለ እሱ የማትኖርበትን ታውሪን የያዘ ነው። ጉበት ግን ጣዕሙን ስለሚወዱት ብቻ አታብዢው፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ አጥንት ይጎዳል። አሁን ጾሙ ስለገባ እንቁላል ቀቅለሽ ስጪው፣ ከሱፐርማርኬት የበረዶ ዶሮ፣ በውኃ የታሸገ ቱና፣ ዓሣ ቤት ካለም ቆሮሶ። ዓሣውን አብስይው፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለበት። እናትሽ በጾም የሥጋ ድስት ባይወዱ ለቡላ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ለዪለት፤ እሳቸውም ራሳቸው ስኳር ስላለባቸው ምግብ በሰዓቱና በልኩ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። የተዘጋጀ የድመት ምግብ መግዛት ከቻልሽ የቆርቆሮው እርጥብ ምግብ ከደረቁ ይመረጣል፤ ደረቁ ውስጥ ዱቄት በዝቷል። ሥጋ ብቻ እየበላ ለረጅም ጊዜ የሚኖር ከሆነ ካልሲየም ይጎድለዋልና ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ወጥ አይነካ። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ በወጥ ውስጥ የተቁላላ ሽንኩርትም ቢሆን ያው ነው። ስኳር ያለባት ድመት ደግሞ ደሟ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ደም ማነሱ መለኪያውንም ያሳስተዋል፤ ደሟ ያነሰ ድመት ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ከዳቦ ወደ ሥጋ ስትመልሺው የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። 2 ዩኒት እየወሰደ ምግቡን በአንድ ቀን አትቀይሪ። መጀመሪያ መጠኑ ይውረድ፣ ከዚያ ምግቡን በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ ቀይሪ፣ በነዚያ ቀናት ደግሞ አዘውትረሽ ለኪ።

ስለ ሲሪንጅ አንድ ነገር። ፋርማሲ የሚሰጡሽ የ1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከሆነ መስመሮቹን ቁጠሪ፤ ብዙዎቹ ላይ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት። በዚያ 1 ዩኒት መለካት በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ለድመት አይሆንም። 0.3 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ ቢቻል የግማሽ ዩኒት መስመር ያለውን ፈልጊ። እኛ ዘንድ ያለው የሰው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፤ ለእንስሳት የሚሠራው ግን 40 የሆነ አለ፣ ሲሪንጁም የተለየ ነው። አንዱን በሌላው ሲሪንጅ መቅዳት መጠኑን ሁለት ጊዜ ተኩል ያበላሸዋል። ኤንፒኤችን ከመቅዳትሽ በፊት ብልቃጡን በሁለት መዳፍሽ መሀል ቀስ አድርገሽ አንከባሊው፤ አትናጪው። መጀመሪያ ያብላ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ቆዳውን ሳብ አድርገሽ ውጊ፣ ቦታውን እየቀያየርሽ። ካልበላ ሙሉ መጠን አትስጪው፤ ደውዪ። መርፌው ወደ ፀጉሩ የፈሰሰ ከመሰለሽ አትድገሚው፤ እስከሚቀጥለው ሰዓት ይቆይ።

መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ ተበላሸ ብለው የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የጥቂት ሰዓት መብራት መጥፋት ኢንሱሊን አይጎዳም፤ የከተማችን አየር ደግ ነው። የሚያበላሸው በረዶ ነው። ከፍሪዘሩ ጋር ተጣብቆ የቀዘቀዘ ብልቃጥ መልሶ ቢሟሟም አይሠራም፣ ጣይው።

መጠኑ 1 ዩኒት ሆኖ አንድ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ቤት የምትውዪበት ቀን መርጠሽ ውሎውን ለኪ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከምግብና ከመርፌ በፊት፣ ከዚያ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ሰዓት፣ በመጨረሻም ማታ 1 ሰዓት ከመርፌ በፊት። በደብተር ጻፊው፤ የበላውን፣ የተኛውን፣ የጠጣውን ጭምር። እንበልና ጠዋት 370፣ 3 ሰዓት 240፣ 5 ሰዓት 130፣ 7 ሰዓት 170፣ 9 ሰዓት 280፣ 11 ሰዓት 340 ቢመጣ፣ ዝቅተኛው ቁጥር 80 እና 150 መሀል ስለገባ መጠኑ ደርሷል፤ ያጠረው ሰዓቱ ነው። እንዲህ ያለ ድመት የመድኃኒት ዓይነት ቢቀየርለት እንጂ መጠን ቢጨመርለት አይጠቀምም። ዝቅተኛው 250 ላይ ከቆመ ግን ግማሽ ዩኒት መጨመር ተገቢ ነው፤ ከዚያም ሌላ 5 እስከ 7 ቀን መታገሥ። ከ80 በታች ከወረደ ደግሞ ይቀነሳል። በአንዲት ቁጥር ተደናግጣችሁ በየቀኑ መጠን አትቀያይሩ፤ እኔ ዘንድ ተዳክመው ከሚመጡት ብዙዎቹ በዚህ ነው።

ስኳሩ ሲወርድ ይንገዳገዳል፣ ድንገት ይርበዋል ወይም ጥግ ይዞ ይፈዛል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስ ይወራጫል። መዋጥ ከቻለ ወዲያው አብዪው። ካልቻለ ማር ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር በጣትሽ ድዱ ላይ ቀቢ፤ ጉሮሮው ውስጥ አታፍሺ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። በ15 ደቂቃ ለኪ፣ ሲነቃ አብዪ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም፤ ነቃ ብለሽ አትቅሪ፣ መድኃኒቱ ገና እየሠራ ስለሆነ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ መብላት ካቆመ፣ ካስመለሰ፣ ከደከመና ሽንቱ ላይ በሽንት ስትሪፑ ኪቶን (አካሉ ስኳርን መጠቀም ሲያቅተው ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው አሲድ) ከታየ ያ የሌሊት እንኳ ቢሆን የማይታደር ነው። የድመት ስኳር ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ አይታከምም።

እግሩ የስኳሩ የነርቭ ጉዳት ነው። ስኳሩ ሲስተካከል ብዙ ድመቶች ላይ ይሻሻላል፤ ነርቭ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ከፍታ ቦታ ላይ እንዲዘል አታድርጊው፤ ምግቡንና የሽንት ሳጥኑን መሬት ላይ፣ እርስ በርስ አራርቀሽ አስቀምጪለት።

ብዙ ድመቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት ስኳራቸው በደንብ ከተያዘ ኢንሱሊን ጭራሽ የማያስፈልጋቸው ጊዜ ይመጣል። ይህ ሲሆን በደስታ ሳይሆን በመውረድ ነው የሚታወቀው፦ ከመርፌ በፊት ያለው ቁጥር በየሳምንቱ ያንሳል፣ ውኃው ይቀንሳል፣ አንድ ጠዋት 140 ታያለሽ። ያን ጠዋት አትውጊው። አብዪው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግመሽ ለኪው፣ ቁጥሮቹን ይዘሽ ደውዪ። ምግቡን ግን ወደ ዳቦ አትመልሺ፣ ስቴሮይዱም አይነካው፤ መርፌውን ካቆመም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን መለካቱን አታቋርጪ።